ስምንተኛዋ አበባ

ፒካፑ ከመንጌ ሲወጣ ፀሐይ ገና አልወጣችም ነበር። ሹፌሩ ዐወድ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው የመስተዋቱን ጤዛ በጨርቅ ይወለውላል። ከጎኑ ሕንዳዊው ሚስተር ሙኩንድ ተቀምጧል። ሻንጣዎቹ ከኋላ ጭነቱ ላይ ታስረዋል። ቀዩን ጥቅል ግን ለማንም አላስነካም። ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ አቅፎታል።

ዋኘው ከኋላ ወንበር ሆኖ የሚያየው ያን ጥቅል ነበር። የሕፃን ራስ ያህላል። በቢጫ ክር ታስሯል። መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር ሕንዳዊው ክንዱን ያጠብቅበታል።

ድንጋይ እንዲህ አይታቀፍም ብሎ አሰበ ዋኘው። ልብስም እንዲህ አይታቀፍም።

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት፣ ወሩ መጋቢት ነበር። በዚያ ዓመት መንገዱ ሁሉ ይጠረጠር ነበር። በየኬላው ፍተሻ ጠብቋል፤ ሰው ከማያውቀው ሰው ጋር ጎን ለጎን መቀመጥ ፈርቷል። ዋኘው ግን ዘመኑ እንዲህ ሳይሆን በፊትም ተጠራጣሪ ነበር። ከወምበራ ወርዶ በመንጌ አቅራቢያ ወርቅ ፍለጋ በሚቆፍር ድርጅት በር ላይ ጥበቃ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። ሥራው ማየት ነው። የሚናገረው ትንሽ ነው።

ልጁ ይገረም የዚያው ድርጅት ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበር። ለምርመራ ወደ አሶሳ ሊላክ በብረት ሣጥን የተቀመጠ አውራ ጣት የሚያህል ወርቅ አንድ ጠዋት ጠፋ። የሣጥኑ ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ ያለው የአፈርና የድንጋዩ ባለሙያ ሙኩንድ ጋ፣ ሌላው ይገረም ጋ ነው። ሙኩንድ በሥራ አስኪያጁ ፊት ሲጠየቅ ሣጥኑን በገዛ እጁ እንደቆለፈው ተናገረ። ቁልፉ አልተሰበረም። ስለዚህ ይገረም ታሰረ። ሚስቱ የዝናሽ እርጉዝ ናት፤ በየቀኑ ምግብ ይዛ ጣቢያ ትሄዳለች፤ በየቀኑ ዋኘውን «አባ፣ ምን ተባለ?» ትለዋለች። ምንም አልተባለም።

አሁን ደግሞ ሕንዳዊው ውሉን ጨርሶ ሀገሩ ሊገባ ነው። የዛሬው የአሶሳ አውሮፕላን ከወሰደው አይመለስም። እሱ ከሄደ ይገረምን ነፃ የሚያወጣ ቃል ከማን አፍ ይወጣል?

ትናንት ማታ ዋኘው ወደ ሙኩንድ ቀርቦ «ሚስተር፣ ስለ ልጄ አሶሳ ወጥቼ አቤት ልል ነው። ቦታ ካለ ይውሰዱኝ» ብሎት ነበር። እንቢ ይለኛል ብሎ ነው የጠየቀው። ሰውየው ግን ዐይኑን መሬት ላይ ጥሎ ወዲያው «እሺ» አለ። ዋኘው በዚያ «እሺ» እንቅልፍ አጥቶ አደረ። ልጁን ያሳሰረ ሰው ለአባትየው ቦታ የሚሰጠው ለምንድን ነው?

አቤቱታው ሽፋን ነበር። ዋኘው የፈለገው ኬላ ነው። ጥቅሉ ኬላው ላይ ይፈታል፤ ወርቁ ይወጣል፤ ልጁም ይፈታል።

«ሼባ፣ አንተ ዛሬ ዐይንህ ቀይ ነው» አለ ዐወድ በመስተዋቱ እያየው። «አልተኛህም?»

«ተኝቻለሁ።»

«ዐይንህ ግን አልተኛም፣ ወላሂ።»

ከዋኘው ጎን የተቀመጠችው ብኸይታ ሳቀች። ብኸይታ የመንጌ ሴት ናት። ከርከዴ በጆንያ ይዛ ወደ አሶሳ ገበያ እየሄደች ነው። ዐወድ የዘመድ ዘመዷ ስለሆነ ነው የተሳፈረችው። ጆንያው እግሯ ሥር ተቀምጦ የመኪናውን ሆድ በኮምጣጣ ሽታ ሞልቶታል።

ፀሐይ ብቅ ስትል ሙኩንድ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። እንደገና አየ። ከዚያ የዐወድን ክንድ ነካ።

«እዚህ አቁም። ትንሽ ብቻ።»

«ኸዋጃ፣ አውሮፕላን አለህ» አለ ዐወድ፤ የውጭ ሰው ሁሉ ለእሱ ኸዋጃ ነው።

«አውቃለሁ። ትንሽ።»

መንገዱ ወንዝ የሚሻገርበት ቦታ ነበር። ውኃው በበጋው ቀጥኖ በድንጋዮች መካከል ይሽሎከለካል። ከዳር ያለው የሽመል ቀርከሃ ጫካ ደርቋል። ከዚያ ወዲያ ሣሩ ተቃጥሎ ምድሩ ጥቁር ነው። ሙኩንድ ጫማውን መኪናው ውስጥ ትቶ፣ ጥቅሉን አቅፎ፣ በባዶ እግሩ ወደ ውኃው ወረደ።

ዋኘውም ወረደ። «ውኃ ሽንት ይዞኛል» ብሎ በሌላ በኩል ዞሮ ሽመሉ ውስጥ ገባ።

ይህን ነገር ከዚህ በፊትም አይቶታል። በካምፑ የሌሊት ተረኛ ሲሆን፣ ጎህ ሲቀድ ሕንዳዊው ከግምጃ ቤቱ ጀርባ እየሄደ ይቀመጥ ነበር። ሠራተኛው ስለዚህ ብዙ ያወራ ነበር። ገሚሱ ጥንቆላ ነው ይላል። ገሚሱ ወርቅ ያለበትን የሚጠይቅበት ነው ይላል። ዋኘው ግን አላወራም። ተመለከተ።

አሁንም እንደዚያው ሆነ። ሰውየው ታጠበ፤ አፉን ተጉመጠመጠ፤ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በውኃ አጥቦ ንጹሕ ጨርቅ አነጠፈበት፤ ጥቅሉን እዚያ ላይ አኖረ። ዋኘው ካለበት ጎን እጁ ይታያል፤ ጥቅሉ ተፈትቶ እንደሆነ ግን ጉልበቱ ከልሎታል። የክር ቅንጣቢ የምታህል ጧፍ አበራ። ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር አዜመ። ከዚያ እጁ ሥራ ጀመረ።

ቀኝ እጁ ወደ ደረቱ ይሄዳል። በሦስት ጣቱ አንዳች ነገር እንደሚቀጥፍ ሰው ከደረቱ ላይ ያነሣል። ጎንበስ ብሎ ጥቅሉ ፊት ያስቀምጣል። ጣቱ ውስጥ ምንም የለም። እንደገና ወደ ደረቱ። እንደገና ወደ ድንጋዩ። በእያንዳንዱ አንድ ቃል ይላል፤ ትንሽም ይቆያል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ዋኘው በጣቱ ቆጠረ። ሰባት።

ስምንተኛ ጊዜ እጁ ወደ ደረቱ ሄደ። እዚያው ቆመ። ጣቶቹ ተገጣጥመው ሳይቀጥፉ ቀሩ። ከዚያ እጁ ጉልበቱ ላይ ወደቀ።

ዋኘው ይህንን ነበር የጠበቀው። ቀድሞ፣ ወርቁ ሳይጠፋ፣ ያ እጅ ስምንት ጊዜ ይሄድ ነበር። አንድም ቀን ጎድሎ አያውቅም። ወርቁ ከጠፋበት ማግስት ጀምሮ ግን ሰባት ብቻ ሆነ። የጠፋውም አንድ፣ የቀረውም አንድ። ይህ ሰው በስምንተኛው ላይ የሚያደርገው ነገር አለ። ወይ ደብቆታል፣ ወይ ቀብሮታል።

ሙኩንድ ጥቅሉን ጠቅልሎ ወደ መኪናው ሲወጣ ዋኘው ከሽመሉ ወጥቶ ወደ ድንጋዩ ሮጠ። ዙሪያውን አሸዋ በጣቱ ቧጠጠ። ድንጋዩን ገለበጠ። እርጥብ አሸዋና አንድ ትንሽ ሸርጣን ብቻ ነበር።

«ሼባ!» ዐወድ ከላይ ጮኸ። «ወርቅ ታጥባለህ እንዴ? ገበቴ ልስጥህ?»

ዋኘው እጁን አራግፎ ወጣ። ሙኩንድ ከመኪናው በር አጠገብ ቆሞ ነበር። የተገለበጠውን ድንጋይ አየ፤ የዋኘውን ጥፍር አየ። ከዚያ በሩን ከፈተለት።

መኪናው ጥቂት እንደሄደ ብኸይታ ወደ ፊት ተንጠራርታ የሕንዳዊውን ወንበር ያዘች።

«ኸዋጃ፣ እኔ አንድ ነገር ይጠይቃል። አትቆጣም?»

«አልቆጣም።»

«እዚያ ቁጭ አልክ። እጅህ ባዶ ነው። ምን ታስቀምጣለህ?»

«አበባ» አለ ሙኩንድ።

«አበባ የታለ?»

ሙኩንድ በመስኮቱ የተቃጠለውን ምድር አሳያት። «የለም። በበጋ እዚህ አበባ የለም። በሀገሬ ጠዋት ጠዋት ለጌታ አበባ ይሰጣል። አበባ ሲጠፋ ከልብ ይሰጣል። መምህሬ እንዲህ አለኝ፦ የግቢው አበባ ማታ ይጠወልጋል፤ የልብ አበባ ግን ጌታ የበለጠ ይወደዋል።»

«ወይ ጉድ» አለችና ብኸይታ ጆንያዋን ከፍታ አንድ እፍኝ የደረቀ ከርከዴ አወጣች። «ይኸው አበባ! ቀይ ነው፣ ጥሩ ነው። ውሰድ። ብር አልልህም።»

ሙኩንድ ፈገግ አለና ግንባሩን ዝቅ አደረገላት። «አመሰግናለሁ። የጎደለኝ ግን ይህ አይደለም።»

ዋኘው ቀና አለ። ጎደለኝ ነው ያለው። በራሱ አፍ።

«የልብ አበባ ስሙ ማን ነው?» አለ ዐወድ። እሱም ጆሮውን ጥሏል።

ሙኩንድ አማርኛውን እየፈለገ ቀስ ብሎ ተናገረ። «መጀመሪያው ማንንም አለመጉዳት። ቀጥሎ ዐይንን፣ ምላስን መግዛት። ቀጥሎ ነፍስ ላለው ሁሉ ማዘን።»

«ለጦጣም?» አለ ዐወድ።

«ለጦጣም።»

«ማሽላዬን ሲበላም?»

«ሲበላም።»

«አንተ ማሽላ የለህም፣ ኸዋጃ። እሱን ነው የምታወራው።»

ብኸይታ ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። ሙኩንድም ሳቀ። ከዚያ ቀጠለ። «አራተኛ ይቅርታ። ከዚያ የልብ ሰላም። ከዚያ ራስን ማስቸገር፣ እንደ ጾም። ሰባተኛ ሐሳብን ከእሱ አለመለየት።»

ዋኘው እሱ ራሱ በዚያ ሰዓት በጾም ላይ ነበር። ጾም የሆድ ብቻ እንዳልሆነ በሰንበቴ ሲነገር ሰምቷል። ይህ ሰው ግን የእሱን ነገር ከየት አምጥቶ ነው የሚናገረው? ጣዖት የሚያመልክ ሰው ስለ ጾም ምን አገባው? በልቡ አማተበ።

«እንዲሁ ስሙን ትጠራለህ፣ አለቀ?» አለ ዐወድ። «እኔም እጠራለሁ። ቀላል ነው።»

«አይደለም። ስሙን መጥራት መዝራት ነው። ጠዋት አንዱን እመርጣለሁ። ቀኑን ሙሉ እሱን ይዤ እሠራለሁ። ማታ ለእሱ እነግረዋለሁ፤ ዛሬ ይህን አበባ አጠጣሁት፣ ወይም ዛሬ ረገጥኩት ብዬ።»

ዐወድ ፍጥነቱን ቀነሰ። «ቆይ። የመቆፈሪያው ቱቦ በኔ ጥፋት የተሰበረ ቀን፣ አንተ አልጮህክብኝም። ሰው ሁሉ ገረመው። እሱ ነው?»

«ያን ቀን ይቅርታን ይዤ ነበር።»

«አልሐምዱሊላህ! በማግስቱ ቢሰበርስ ኖሮ?»

«በማግስቱም ይቅርታን ነው የያዝኩት» አለ ሙኩንድ። «በአፌ ዝም አልኩ እንጂ በልቤ በጣም ሰድቤህ ነበር። ማታ ነገርኩት። ስለዚህ እንደገና መጀመር ነበረብኝ።»

«ምን ብለህ ሰደብከኝ?»

«በሕንድኛ ነው። አይተረጎምም።»

መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ዋኘው አልሳቀም። በደንብ እስኪስቁ ጠበቀና «ያ ብቻ ነው እንዴ ሚስተር? አበባው ሰባት ነው?» አለ።

ሳቁ ቆመ። ሙኩንድ ዞር አላለም። ጣቱ የጥቅሉን ክር ፈለገ።

«ሌላም አለ» አለና ወደ መስኮቱ ዞረ።

ኬላው እስኪታይ ድረስ ፊቱን ከመስኮቱ አልመለሰም።

ኬላው ከሆሞሻ ወዲህ ነበር። ገመድ በመንገዱ ላይ ተዘርግቷል። ከማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር አንድ አግዳሚና ጥቂት ሚሊሻዎች ነበሩ። አለቃቸው ሳጅን ሰራዊት ነው፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ሰቅሎ ማንጎ በቢላ ይልጣል። ዐወድ መኪናውን ሲያቆም ዋኘው ማንም ሳያዘው ወርዶ በቀጥታ ወደ ሳጅኑ ሄደ።

«ጌታዬ፣ ጤና ይስጥልኝ።»

«አብሮ ይስጥልኝ፣ አባቴ። ምን ነበር?»

ዋኘው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከፊት ያለውን ነጭ ሸሚዝ ይመልከቱ። ከእጁ የማይለየውን ጥቅል ያስፈቱት። ከመንጌ የጠፋው ወርቅ እዚያ ውስጥ ነው። በዚያ ወርቅ የኔ ልጅ ታስሯል።»

ሳጅን ሰራዊት ቢላውን ጠረገና ኮፍያውን አደረገ።

ሙኩንድ ከመኪናው እንዲወርድ ተደረገ። ሻንጣዎቹ ወረዱ። እነሱን ሲፈትሹበት ቆሞ አየ። ጥቅሉን ሲጠየቅ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«እኔ ልክፈት» አለ። «እጄ ንጹሕ ነው። እኔ ልክፈት፣ ጌታዬ።»

«አምጣው!»

አንድ ሚሊሻ ነጥቆ ወሰደውና መሬት ላይ አስቀምጦ ክሩን በጥርሱ ሊበጥስ ጎነበሰ።

«መሬት አይነካም!» ሙኩንድ ጮኸ። ሁለት ዓመት ሙሉ በካምፑ ማንም ሲጮህ አልሰማውም። በጉልበቱ አቧራው ላይ ወድቆ ሁለቱን መዳፎቹን ጥቅሉ ሥር ሰደደ። ሚሊሻው መሣሪያውን ወደ እሱ አዞረ። ሙኩንድ እጁን አላወጣም። «ልጅ ነው» አለ። «እባካችሁ። ልጅ ነው፤ መሬት አይነካም።»

ክሩ ተፈታ። ጨርቁ ተከፈተ።

ቢጫ ነገር በፀሐይ አብረቀረቀ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ፊት ተንቀሳቀሰ። በእጁና በጉልበቱ የሚድህ ሕፃን ነው፤ አንድ እጁን ወደ ላይ አንሥቷል። ሰማያዊ ቀሚስ ለብሷል። ቀሚሷ የአሻንጉሊት ታህላለች፤ ጫፏ በእጅ ተሰፍቷል። ዐይኖቹ በጥቁርና ነጭ ተስለው ሰው ያያሉ።

«ወርቅ!» አለ አንዱ።

 አቅልጦ ነው፣ አለ ዋኘው በልቡ። አቅልጦ ሰው አስመሰለው።

ሳጅን ሰራዊት ሕፃኑን አንሥቶ በመዳፉ መዘነው። እንደገና መዘነው። ገልብጦ ሥሩን በቢላው ጫፍ ጫረ። ሙኩንድ ቢላው በእሱ ቆዳ ላይ የሄደ ያህል ዐይኑን ጨፈነ። ሳጅኑ የጫረውን አሸተተና ፊቱን አጨማደደ።

«ነሐስ ነው።»

«አያቴ እንዲህ ያለ የመብራት ማስቀመጫ አላት» አለ አንዱ ሚሊሻ።

«ዝም በል።» ሳጅኑ ሕፃኑን ለሙኩንድ መለሰለት፤ ወደ ዋኘውም ዞረ። «አባቴ፣ በሽበትዎ አፍሬ ነው እንጂ። እንግዳ አዋረዱብኝ። የሰው አምላክ በቢላ አስጫሩኝ። ይሂዱ ከዚህ።»

 ኬላው፣ ጥቅሉ፣ ያሰበው ሁሉ አለቀ። ማታ የዝናሽ «አባ፣ ምን ተባለ?» ትለዋለች።

ሙኩንድ ከመኪናው የውኃ ጀሪካን አወረደ። ማንጎው ሥር ተቀምጦ ሕፃኑን አጠበ፤ የተጫረውን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገ፤ ቀሚሱን አራግፎ አለበሰው። ጠቀለለው። ከዚያ ተነሣ። ዋኘው ቁጣ ጠበቀ። ሰውየው ግን የኋላውን በር ከፈተ።

«ግባ፣ አባ ዋኘው። ይረፍዳል።»

ዋኘው አልገባም። ይህ ነገር ከስድብ ይልቅ አስፈራው። የተሰደበ ሰው ይሳደባል። የማይሳደብ ሰው ሌላ ነገር ይዟል።

«ይቅር አልከኝ?» አለ። እስከዚያ ሰዓት «አንተ» ብሎት አያውቅም።

«ይቅር አልኩ።»

«አራተኛዋ አበባ ናት።»

«አዎ።»

«ስምንተኛዋስ?»

የሙኩንድ እጅ በሩ ላይ እንዳለ ቀረ።

«እኔ ዘበኛ ነኝ» አለ ዋኘው። «አያለሁ። ከግምጃ ቤቱ ጀርባ ስትቀመጥ ሁልጊዜ አይቼሃለሁ። ስምንት ታስቀምጥ ነበር። ወርቁ ከጠፋ ጀምሮ ሰባት ብቻ ነው። ዛሬም ሰባት ነው። እጅህ ደረትህ ላይ ደርሶ ይቀራል። ያቺ የማታስቀምጣት ምን ትባላለች?»

ዐወድ ከመሪው ኋላ አንገቱን አወጣ። ብኸይታ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ሙኩንድ ጥቅሉን አየ። መንገዱን ወደ አሶሳ አየ።

«እውነት» አለ። «ስምንተኛዋ እውነት ትባላለች።»

ከዚያ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠ። «ያን ቀን ጠዋት ወርቁን ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ፀሐይ ልትወጣ ነበር። ሰዓቱ እንዳያልፈኝ ቸኮልኩ። ቁልፉን ሣጥኑ ላይ ትቼ ሄድኩ። ግምጃ ቤቱም ክፍት ነበር። አበባዬን ጨርሼ ስመለስ ቁልፉ እዚያው አለ። ውስጡን ሳላይ ቆለፍኩ። በኋላ ሲጠይቁኝ ‹በእጄ ቆልፌዋለሁ› አልኩ። ቆልፌዋለሁ። ግን ክፍት እንደነበር አልተናገርኩም።»

«ማን ወሰደው?»

«አላውቅም። ማንም ሊወስደው ይችል ነበር። ይገረም እንደሆነ አላውቅም፤ እንዳልሆነም አላውቅም። ቁልፍ ያለው ብቻ ነው የሚከፍተው ያሉት ግን ውሸት ነው። የኔ ውሸት ነው።»

«ልጄ በዚያ ቃል ታስሮ ነው የምትሄደው?»

«ፈራሁ። ያስሩኛል፣ ቤቴን ሳላይ እቀራለሁ ብዬ ፈራሁ። ትናንት ቦታ ስትጠይቀኝ መንገድ ላይ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ወንዙ ጋ ደረስኩ፣ አልቻልኩም።» ጥቅሉን ነካ። «ለእሱም አልነገርኩትም። ለእሱ አበባ ልሰጥ ስቸኩል ነው ያን ያደረግኩት። እንዴት ብዬ እነግረዋለሁ?»

ዋኘው ፊቱን መረመረ። ይህም ሌላ ብልሃት ሊሆን ይችላል። አሁን አምኖ አሶሳ ሲደርስ ይክዳል፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ይገባል።

«ለኔ መንገር ምንም አያደርግም» አለ። «እኔ ዳኛ አይደለሁም።»

ሙኩንድ ተነሣ። «ዐወድ፣ መኪናውን አዙር።»

«ኸዋጃ! አውሮፕላን ያልፍሃል!»

«አዙር። ወደ መንጌ።»

«ከርከዴዬስ?» አለች ብኸይታ። «ገበያ አለኝ እኮ! እውነት ጥሩ ነው፤ ግን ነገ ብትለው ምን ይሆናል?»

ማንም ሳይስቅ ቀረ። እሷም ራሷ ተነሥታ ጆንያዋን አወረደች። ከሸርቆሌ ወደ አሶሳ የሚወርድ ሚኒባስ ኬላው ላይ ሊፈተሽ ሲቆም ተሳፈረች። ከመሄዷ በፊት ግን ያንኑ እፍኝ ከርከዴ በሙኩንድ መስኮት አስገብታ ጭኑ ላይ በተነችው። «ደረቅ ነው፣ ግን አበባ ነው» አለችው። በዚህ ጊዜ አልመለሰላትም።

ዋኘው በመልሱ መንገድ ዐይኑን ከሕንዳዊው ማጅራት አላነሣም። ወንዙ ጋ ሲደርሱ አቁም ይላል ብሎ ጠበቀ። አላለም። መንታ መንገዱ ጋ ሐሳቡን ይለውጣል ብሎ ጠበቀ። አለወጠም። መንጌ ሲገቡም ገና አላመነውም።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ያለው ተረኛ ጥቅሉን አየና እጁን ዘረጋ። «ዕቃ ይዞ መግባት አይቻልም። እዚህ መሬት ላይ አስቀምጠው።»

ሙኩንድ ዙሪያውን ተመለከተ። ዐወድ መኪናውን ወደ ጥላ ሊያስጠጋ ሄዷል። አጠገቡ ያለው ዋኘው ብቻ ነው።

«አባ ዋኘው። እጅህን ስጠኝ።»

«ለምን?»

ሙኩንድ ከውኃ መያዣው በዋኘው እጆች ላይ አፈሰሰ። ከጥፍሩ ሥር የወንዙ አሸዋ ታጥቦ ወረደ።

ዋኘው የሚመጣውን አወቀና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። «እኔ ክርስቲያን ነኝ። አልሰግድለትም።»

«አትስገድ። ያዘው ብቻ።»

ዋኘው አማተበ። ከዚያ ክንዱን ዘረጋ። ጥቅሉ ካሰበው በላይ ይከብድ ነበር። ሙኩንድ ጨርቁን አስተካከለለት፤ አራስ ቤት አዲስ ሕፃን ለሽማግሌ ሲያስታቅፉ እንደሚያደርጉት የዋኘውን ክርን በትንሹ ከፍ አደረገ። ገባ።

ዋኘው ግንቡ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ውስጡ ይታየዋል። ሙኩንድ በመርማሪው ጠረጴዛ ፊት ቆሟል። ይናገራል። መርማሪው ያቋርጠዋል፤ ይጠይቀዋል፤ እንደገና ያስነግረዋል። ሌላ ሰው ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ በስልክ ተፈለገ። ፀሐይዋ ግንቡን አልፋ የዋኘው ጉልበት ላይ ወጣች። ክንዱ ደነዘዘ።

«አባት፣ ወዲያ አስቀምጡት እንጂ» አለው ተረኛው። «ማን ይወስደዋል?»

«ይሁን።»

«ከብዶዎታል እኮ።»

«ይሁን አልኩህ።»

በመጨረሻ የውስጡ ድምፅ ቆመ። መርማሪው ሙኩንድን ወንበር አሳየው፤ መሄድ እንዳልተፈቀደለት ከፊቱ ይታወቃል። ሙኩንድ ከመቀመጡ በፊት ቀኝ እጁን አነሣ። እጁ ወደ ደረቱ ሄደ።  ሦስቱ ጣቶች ተገጣጠሙ፣ ቀጠፉ፣ ወርደው በባዶው ጠረጴዛ ላይ አንዳች ነገር አኖሩ። መርማሪው ጠረጴዛውን አየ። ምንም የለበትም።

ስምንት፣ አለ ዋኘው።

ከግቢው ኋላ የብረት በር ሲጮህ ሰማ። ይገረም ወጣ። ከስቷል። ቀበቶ ስለሌለው ሱሪውን በአንድ እጁ ይዟል። የፀሐዩን ብርሃን ለመልመድ ዐይኑን አጥብቦ ቆመና አባቱን አየ፤ በክንዱ ያለውንም አየ።

«አባዬ፣ ልቀቁት ተብሎ ለቀቁኝ፤ ምን ተገኘ? ምንድን ነው የያዝከው?»

ዋኘው ሊነሣ ፈለገ። እግሩም ክንዱም ደንዝዟል። ልጁን ሊያቅፈው የሚችልበት እጅ አልነበረውም። በዐይኑ ብቻ አየው፣ ከራሱ እስከ እግሩ፣ እንደ ልማዱ።

«ልጅ ነው» አለ። «ና ቁጭ በል። አባቱ እስኪወጣ እንጠብቃለን።»